ስምንተኛው ምት

ከጠረጴዛው ስር ተደብቄ ነበር፣
የሴቶቹን ጫማ እያየሁ ስቆጥር፤
የአክስቴ ኦይሪክ ቦቲ፣ ጫፉ የተላጠ፣
የቤሃክ ባዶ እግር፣ በብርድ ያበጠ፣
ሙርያል የሟች ባሏን ገምባሌ አጥልቃ፣
የቀሩት እግሮች ግን ሁሉም በአንድ ጭቃ።

ከላይ፣ በጣውላው ላይ፣ ሱፉ ይደለቃል፤
በከረመ ሽንት ርሶ ይጠብቃል።
ጠብታው ባንገቴ ላይ ይወርዳል ቀስ እያለ፣
ጠረኑ እስከዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ኦይሪክ ታወርዳለች፣ ሌሎች ይቀበላሉ፣
«ሆ ሮ ሂ፣ ሆ ሮ ሂ» ተባብረው ይላሉ።
ኅዳር ነው፤ ጀልባዋ ወጣች በማለዳ፣
ዓሣው ቀርቦ ነበር ከስካርናይ ጓዳ፤
እንግዲህ ያንዱ ስም፣ እንግዲህ ያንዱ ቤት፣
በየስንኙ መሃል፣ በየጡጫው ምት፦
ላክላን፣ ጣራውን ከድኖ ያልጨረሰ፤
ሩአሪ፣ ለሠርጉ ኮት የተዋሰ፤
ሁለቱ ቶርሞዶች፣ አባትና ልጅ
(ዋናስ ያውቅ ነበር፣ አባቱን ባይዝ እንጂ)፤
ኒአል፣ በሹራቡ የተለየ ሬሳው፤
አላስደር፣ የጫማ ዕዳውን ያልረሳው፤
ሰባተኛው ዮዋን፣ የኦይሪክ ታናሽ፣
ስሙ ጋ ስትደርስ ድምጿን የሚያበላሽ።

ከዚያ ስምንተኛው።
ቃል የለውም። «ሂ ሪ ሆ፣ ሂ ሪ ሆ» ብቻ።
ጡጫው ግን ከሁሉም ያኔ ነው የሚበረታው፤
ጠረጴዛው ጮኸ፤ ጆሮዬን ያዝኩ፤
የቤሃክ የእግር ጣቶች
ጭቃውን ሲጨብጡ አየሁ።

ያን ቀን መጥቶ ነበር አንድ ሰው ከከተማ፣
በጀርባው መቅረጫ፣ በእግሩ አዲስ ጫማ።
ሚስተር ፔንሮዝ፤ ደግ ሰው፤
ለኛ ከረሜላ፣ ለሴቶቹ ትምባሆ ያመጣ።
በቀጭን ብዕር እንዲህ ጻፈ፦
«ሰባት ሙታን፣ ሰባት ስንኝ። የመጨረሻው
ትርጉም የለሽ ድምፅ፤ ለማሟያ የገባ።»
የመቃብሩ ድንጋይም ሰባት ነው የሚለው።
የቄሱም መዝገብ ሰባት።

«አክስቴ፣ ሂ ሪ ሆ ማነው?» አልኳት ማታ፣
የቆሰለ እጇን ለብ ባለ ውሃ ነክራ።
እሳቱን አየች። እንደገና አየችው።
«ከግላስጎ ነበር፤ በመርከብ የላኩት፣
ወላጅ ያልነበረው፣ ቁጥር ባንገቱ ያንጠለጠሉለት፤
ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላል ለሚያሳድግ ሰው፣
በሳምንት ጥቂት ሽልንግ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።
አንተ ልጅ፣ ላሞቹን አስገባ። አንተ ልጅ፣ በሩን ዝጋ።
በዚያ ጠዋትም፣ አንተ ልጅ፣ ና፣
ከጀልባዋ ውሃ የሚቀዳ ጠፋ።

ባሕሩ ሰባቱን አንድ በአንድ መለሰ፤
እሱን ግን አስቀረ።
ዘፈኑን ስንገጥም እሱ ጋ ደረስን፤
ማነው ስሙ? ተባባልን።
ሁለት ክረምት ሙሉ ከእኛ ጋር በልቶ
የጠየቀው የለም።
እኔም አልጠየቅሁት።
ስም ብንፈጥርለት ውሸት ሆነብን፤
ብንዘለው ደግሞ ምቱ ጎደለብን፤
ስለዚህ ክፍት ተውነው፣
እናት ካለችውና አንድ ቀን ከመጣች፣
እሷ ትሙላው ብለን።»

ሱፍ ሲመታ ይጠብቃል። ዘፈንም ይጠብቃል።
(የፊቱን አላልተህ፣ የኋላውን አጥብቀህ አንብበው።)

ዘንድሮ ሰባ ሞላኝ። ስካርናይ ሰው የላትም፤
በግ አለ፣ ወፍ አለ፣ ጣራ የሌለው ግድግዳ።
ኤዲንብራ፣ ማኅደር ቤት፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ፤
የሞቱ ሴቶች እጅ ጣውላውን ይደልቃል፤
በመሃል የልጅ ሳል ይሰማል፣ ከስር፤
የእኔ ነው።

ወጣቱ ሠራተኛ እርሳሱን አዘጋጅቶ፣
«እንግዲህ ላርመው፤ ስምንተኛው ማን ይባላል?» አለኝ።
እጄን ጨበጥኩና ጠረጴዛውን መታሁት፣
አንድ ጊዜ።
የሚያነቡት ሁሉ ቀና አሉ።

«ይሄንን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» አለ።
መልስ አልነበረኝም።
እርሳሱን አስቀመጠና
ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው።