ሻምበል ያዘመመ ዕለት

የሰው ውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ እኔ፣
ከኮዬ ፈጬ ጫፍ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ በእግሬና በዐይኔ፤
ቀይዋ መርፌ ስትርድ፣ ቀጭን ፍሳሽ ሲኖር፣
ከግድግዳም ውስጥ ይሁን፣ ከአፈርም ሥር፣
አይቼ ዐውቃለሁ።
የቤቴን ግን፣ የሳፋውን፣ ሳላነብ ቀረሁ።

ሻምበል ነው ስሙ፤ ጀርባው የብረት ቆብ ይመስላል።
የመንገዱ መሐንዲስ፣ ሥራው ሲያልቅ፣
ከነሳፋው ለዘበኛው ትቶት ሄዷል፤
ዘበኛው ለልጄ ለሲፈን፣
ሲፈን ለበረንዳው፣
በረንዳው ለእኔ።
ሦስት ዓመት፦ አንድ ሰማያዊ ሳፋ፣ አንድ ጡብ፣ አንድ አምፖል፣
ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ዳቦ፤
«ውሃ ያለው ምን ይጎድልበታል?» እንል ነበር።

ነሐሴ ገባ። መብራት ሦስት ቀን ጠፋ።
ዝናቡ በመስኮቱ ስንጥቅ እየተፋ፣
የሳፋው ውሃ እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዞ፣
ሻምበል ከጡቡ ወረደ፣ አንገቱን ሰብስቦ፣ ፈዞ።
ዳቦ ጣልንለት፤ ዳቦው አብጦ ፈረሰ።
ጎረቤታችን ወይዘሮ ትርንጎ አየችውና
«ፍልሰታን ይዞ ነው» አለች። ሁላችን ሳቅን።
እኔም ሳቅሁ።
ያ ሳቅ ነው ዛሬ የሚቆጨኝ።

በአራተኛው ቀን በአንድ ጎኑ አዘመመ፤
ግራው ከውሃ በላይ፣ ቀኙ የሰጠመ፣
ጭነቱ እንደ ተንሸራተተበት አይሱዙ።
ልጥለቅ ይላል፣ አይጠልቅም፤ ልቅና ይላል፣ አይቀናም፤
ከአፍንጫው አረፋ፣ ትንንሽ፣ እንደ ሳሙና፤
ዐይኖቹ አብጠው እንደ ራሰ ሽምብራ፣
አፉን ሲከፍት፣ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ሲጣራ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።
ለእሱ ግን መደበቅ ነው ትምህርቱ፤
ድካሙን ያየበት ሁሉ ይበላዋል፣ ከጥንቱ።
ስለዚህ ዛሬ አይደለም የታመመው፤
ዛሬ መደበቅ ያቃተው ቀን ነው።

ሚስቴ «ለአንድ ድንጋይ የባጃጅ ብር?» አለች፤
አለችና ካርቶኑ ውስጥ ፎጣ ራሷ አነጠፈች።

የከብት ክሊኒኩ ደጅ ጭቃ ነው። ተራ ያዝን፦
ከፊታችን ጡቷ ያበጠ ላም፣ የሚያነክስ አህያ፣
ከኋላ ዶሮ የታቀፉ ሽማግሌ።
«ምንድን ነው የያዝከው?»
«ኤሊ።»
«ኤሊ ደግሞ ይታመማል?»
ካርቶኑን ከፈትኩላቸው።
አዩና ዶሯቸውን አጥብቀው አቀፉ።

ሐኪሙ ኢፋ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ አልሳቀም።
«ኤሊ አክሜ አላውቅም» አለኝ፤ «ሳንባ ግን ሳንባ ነው።»
ቢሾፍቱ ላሉ መምህሩ ደወለ፣ ቆሞ እየሰማ ጻፈ፤
ከማዶ ሱቅ የበርበሬ ሚዛን አስመጣ፦
ስምንት መቶ አርባ ግራም ሻምበል፣ ከነማዕረጉ።
መርፌዋ ከፊት እግሩ ሥር ገባች፣ ቀጭን፣
እንደ ቆጣሪዬ መርፌ።

«ከውሃ አውጣው» አለኝ። «የውሃ ፍጥረት ነው ብለህ አትታለል፤
ሳንባው የታመመ ይሰጥማል።
ደረቅ ቦታ። ሙቀት። በቀን ግማሽ ሰዓት ለብ ያለ ውሃ፣
ከአገጩ የማያልፍ።
በሦስት በሦስት ቀን ለመርፌው አምጣው።
ዳቦውን ተው፤ ጉበት፣ ካሮት፣ ጎመን ስጠው።
ዐይኑን ያሳበጠው ዳቦህ ነው።»
ቃሉ የገባው እኔ ውስጥ ነው።

መብራት አሁንም የለም። በረንዳ ላይ ከሰል፣
ቢጫ ጄሪካን ሙሉ ሙቅ ውሃ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ
ከካርቶኑ ጎን፤ ሲበርድ ሌላ፣ ሌሊቱን ሙሉ።
ወይዘሮ ትርንጎ ፍም ይዛ ወጣች፣ አራት ፎቅ፤
ስለ ጾሙ አንድም ቃል አላነሳች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሲፈን ጮኸች፤ «አንዱን ዐይኑን ገለጠ!»
ካሮት የያዘ ጣቷን አየ፤ ሳተ፤ ደግሞ ሞከረ፤
ነከሳት።
ጣቷ ደማ። ይዛው ዞረች፣ ለፎቁ ሁሉ እያሳየች።

ዛሬም ትንሽ ያዘምማል፣ በግራ። ኢፋ «ይኖርበታል» ብሏል።
ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ሳፋው ጋ እቆማለሁ፤
ጡቡ ላይ ወጥቷል? ትንፋሹ ጸጥ ይላል?
ከዚያ በመሥሪያ ቤቴ ደብተር፣ ከደንበኞች ቁጥር በላይ፣
አንደኛው መስመር ላይ፣
«ሻምበል፦ ከጡቡ ላይ ነው። በልቷል» ብዬ እጽፋለሁ፤
የሌላውን ላነብ፣ ደረጃውን እወርዳለሁ።