ዘመድ ያገኘ መሬት

የእኔ ሥራ ነበር አፈር መሰብሰብ፣
በከረጢት ማሰር፣ ቀለሙን ማንበብ።
ያቴንጋ ስደርስ ነፋሱ አቧራ ነው፣
ፀሐዩ አቧራ ነው፣ ሰማዩ አቧራ ነው፤
ይህ መሬት ግን ደርቆ አቧራም አይሰጥም፣
ቆዳ ነው፣ ቅርፊት ነው፣ ውሃም አይውጥም።
መሰርሰሪያ ይዤ ሦስት ጊዜ ወጋሁት፣
በሦስተኛው ላይ ጫፉን ሰበርኩት፣
መዝገቤን ገልጬ «ሕይወት የለሽ» አልኩት።

በእነርሱ ቋንቋ ግን የራሱ ስም አለው፤
ዚፔሌ ይሉታል፦ ነጩ፣ የተላጨው።
ጠጠሩ ዜግደጋ፣ አሸዋው ቢሲጋ፣
ረባዳው ባኦጎ፣ ውሃ የሚያረጋጋ፤
ሁሉም ጌታ አለው፣ አጥርና ድንበር፤
ዚፔሌን የሚለው «የኔ ነው» ማን ነበር?

ከአንዲት ሴት በቀር።

ስሟ ኩይልጋ ነው። ትርጉሙ ወንዝ ማለት።
ወንዝ የሌለው አገር ለልጁ የወንዝ ስም ያወጣል፤
እንደ ብድር ነው፣ አንድ ቀን የሚከፈል።
ባሏ ካካዎ ሊለቅም ኮትዲቯር ወረደ፤
ሁለት ዓመት ጻፈ፤ ሦስተኛው ላይ ለመደ።

በመጋቢት ሐሩር፣ ዛፍ ጥላውን ነሥቶ፣
ዶማዋን ትይዛለች፣ ሰው ገና ተኝቶ።
ስፋቱ አንድ ክንድ፣ ጥልቀቱ ስንዝር፤
ጉድጓድ፣ አንድ ርምጃ፣ ጉድጓድ፣ ሳትቆጥር።
በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ የፍየል በጠጥ፣
የማሽላ ገለባ፣ ድርሻ ለምስጥ።

«ለምስጥ?» አልኳት።
«የኔ ዶማ አጭር ነው፤ የሱ ግን ይዘልቃል፤
እሱ በሄደበት ውሃ መንገድ ያውቃል።»

የባሏ ወንድም ሲድኖማ፣ ከዛፍ ግንድ ሥር፣
«ለአንዲት ሴት ይሄ ሁሉ መቃብር!» ይል ነበር።

በሰኔ አንድ ማታ ሰማዩ ጠቆረ፣
ነፋሱ ቀይ ሆኖ በሩን ሰበረ።
ዝናቡም መጣ፣ እንደ ወትሮው ሊሮጥ በነጩ ላይ፤
ጉድጓዱ ያዘው። ነጋ። በየጉድጓዱ ሰማይ።

ከዚያ ማሽላው ወጣ።
ከማሽላው ሥር ደግሞ ማንም ያልዘራው፣
ፍየል በልታ የጣለችው፣ በጠጥ ያሳደረው፣
ቁርቁራ በቀለ። ዛንጋ በቀለ።
ዛንጋ ግትር ዛፍ ነው፤ ክረምት ይራቆታል፣
አገር ሁሉ ሲደርቅ ቅጠል ይለብሳል።

በአራተኛው ዓመት ስመለስ ጠፋኝ ቦታው።
መሰርሰሪያው ገባ፣ እንደ ቅቤ፣ ሳልገፋው።
አፈሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል፤
አንድ ትል ከመዳፌ አምልጦ ተመልሶ ይገባል።
«ሕይወት የለሽ» የሚለውን ሰረዝኩ።
ሰርዤ ቀና ስል፣
ሲድኖማ ገመድ ይዞ ይለካል።

ነጭ በነበረ ጊዜ ዘመድ አልነበረው፤
ሲጠቁር አያት ተገኘለት፣
አጎት ተገኘለት፣
ከከተማ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተገኘለት።

ወረቀቱን በሣጥን፣ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር፣
ቆልፎ አኖረው፣ ቁልፉን ከአንገቱ ሳያጎድል።
ክረምቱ ሳይወጣ ምስጥ በላው፣ ከነማኅተሙ።
መንደሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ኩይልጋ አልሳቀችም፤
ወረቀቱ ጠፋ እንጂ ሲድኖማ አልጠፋም፣
ማሽላውን ያጨደው እሱ ነው።

ባለፈው መጋቢት ፍለጋዋ ሄድኩ።
ከመንደሩ ማዶ፣ በሌላ ነጭ ሜዳ፣
ጎንበስ ብላ አገኘኋት።
«እንደገና?» አልኳት።
«ይሄኛው ገና ዘመድ የለውም» አለች፣
«ሳይሰሙ ልቆፍር።»

ከኋላዋ የሲድኖማ የመጨረሻ ልጅ፣
የስድስት ዓመቷ፣ ቅርጫት ጭንቅላቷ ላይ፣
በየጉድጓዱ በጠጥ ትጨምራለች።
እፍኟ ትንሽ ናት፤
ሁለት ሁለት ጊዜ ትሰፍራለች።