ሁለተኛው ዘጠኝ

የዘሪቱን ሕፃን ኩፍኝ ሲያነደው፣
ለስድስት ወር ልጄ ልቤን ስጋት ናደው፤
በኮዬ ፈጬ ጭቃ፣ በተውሶ ቦት ጫማ፣
ጤና ጣቢያ ደረስኩ ፀሐይዋ ሳትሰማ።

«የኩፍኝ ክትባቱን አሁን ስጪው» ብላት፣
ለሊሴ ፈገግ አለች፤ «ቆይ፣ ገና ነው፣ እናት።
በእትብቱ የላክሽው ዘብ ደሙ ውስጥ ቆሟል፤
አስተማሪ ስንልክ ‹ሌባ ነው› ይለዋል።»

ተናድጄ ወጣሁ፤ በማን ልፈርድ ነው?
በሩን የዘጋበት ደሜ ነው፤ የእኔው።

ማታ በደረቱ ጆሮዬን ጥዬ፣
ዘቤን አዳመጥኩት፣ «ተኛህ ወይ?» ብዬ፤
«ሂድ» ልለው አፈርኩኝ፤ «ቆይ» ልለው ፈራሁ።

ዘጠኝ ወር በሆዴ፣ ዘጠኝ በጀርባዬ።
ዛሬ መርፌው ሲገባ ጮኸ፣
በራሱ ድምፅ።
«ጥጡን ያዢ» አለችኝ ለሊሴ።
ያዝኩ።