ሰባ ሦስት ሸቀል

አፉላ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ቁጥሬ አርባ አንድ።
ማራገቢያው ይዞራል፣ ነፋስ ሳይወልድ።
ዶሴዬን ታቅፌያለሁ እንዳራስ ልጅ፣
አባቴ የፈረመበት፣ ባልተፍታታ እጅ።

ጸሐፊዋ መልካሜ ናት፤ ከኛው ሰፈር ያደገች፣
በዕብራይስጥ እያነበበች፣ ባማርኛ ትጠይቃለች።

«የልደት ቀን?»
ጃንዋሪ አንድ።
አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ አንዱ እንቅልፍ የጣለው
ስድስታችንንም ባንድ ቀን ወለደን፣ ምጥ ሳያየው።
እናቴ የምታውቀው ሌላ ነው፤ የኔን ቀን ስትቆጥር
«ጎርፍ ድልድዩን የወሰደ ሰሞን» ትላለች፣ «ጎንደር»።
ለጎርፍ ሳጥን የለውም፤ ቅጹ ቁጥር ይወዳል።
ከዕድሜ ገደቡ ግን ባንድ ወር ተርፌ፣ ልቤ ቦታው ገብቷል።

«ቤት ውስጥ ስንት ነፍስ?»
አምስት ብዬ ልሞላ ስል፣ ይርጋ ትዝ አለኝ፣ ወንድሜ፤
ወታደር ነው፣ የሚመጣው በሁለት ሳምንት፣ ለቅዳሜ።
አጎቴ ደምለውስ? ሳሎን ሶፋው ላይ፣ ዓመት ከመንፈቅ፣
ሌሊት ሲያስል እንሰማዋለን፤ ቅጹ ግን ስለ ሳል አይጠይቅ።
«ግማሽ ነፍስ ይጻፋል?» አልኳት።
መልካሜ ሳቀች፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ የደመወዝ ወረቀት። ሦስት ወር፣ ሦስት ትሉሽ።
ደመረች። ደግማ ደመረች። «ነይ፣ ራስሽ እዪው ባይንሽ።»
ማስያዋን ወደኔ አዙራ፣ ቀስ ብላ፣ ክፉ ውጤት እንደያዘ ሐኪም፣
«አልፋችኋል» አለችኝ።
ዘልዬ ላቅፋት ነበር፤ እጄ አየር ላይ ቀረ።
«ጣሪያውን። በሰባ ሦስት ሸቀል።» ድምጿ ተሰበረ።

ጣሪያ!
የኛ ጣሪያ እኮ ሲዘንብ ባልዲ የሚደገንለት ነው፤
መቼ ደረስንበት? በየትኛው መሰላል ወጣነው?

ቆይቼ ገባኝ። ግንቦት ላይ፣ ከበዓሉ ማግስት ነው፣
ሌላው ዘበኛ ታሞ፣ አባቴ በሱ ፈንታ ያደረው።
የነርስነት መጽሐፍ ተወደደ ማለቴን ሰምቶ ኖሮ፣
ምንም ሳይለኝ ወጣ፣ ሻዩን በፔርሙዝ ቋጥሮ።
መጽሐፍ ሊገዛልኝ ያደረባት ሌሊት መጽሐፌን ከለከለች፤
ያችውና፣ ከትሉሹ ግርጌ፣ ቀጥና ተጽፋለች።

«ይግባኝ አለ» አለች መልካሜ። «ሠላሳ ቀን። ሌላ ቅጽ።»
ሰማያዊ ነው። ከላይ «ምክንያት» ይላል፣
ከሥሩ ሁለት መስመር።

ደረጃው ላይ ስልኬ ጮኸ።
እናቴ ናት፣ ከምታጸዳው ክሊኒክ። «አለፍሽ ወይ?»
ምን ልበላት?
ለፍተን አለፍን፤ አልፈን ቀረን።
«አለፍን» አልኳት፣ «እማዬ።»
ከወዲያ እልል ስትል፣ ባልዲዋ ሲንኳኳ ሰማሁ።

አባቴ አሁን ተኝቷል፤ ዛሬም ማታ ተረኛ ነው።
ቅጹን ትራሱ አጠገብ አስቀምጬ፣
እስኪነቃ እጠብቃለሁ።