ምስር በምስር

የድሮ ሰው ግብጽን «ምስር» እያለ ሲጠራ፣
አገር ይሁን እህል ማን ነበር ያጣራ?
እኔም ሳላጣራ በኅዳር ደረስኩ፣
እስክንድርያ ላይ ሁለቱንም ቀመስኩ።

እዚህ ለማዕበልም ስም ያወጡለታል፣
የኅዳሩን ደግሞ «መጥረጊያው» ይሉታል፤
ሰውን ከጎዳና፣ አጥማጁን ከባሕር፣
ጠራርጎ ያስገባል በእንሺራህ በር።

ምስር ስትለቅም ጠጠር አያልፋትም፤ ዓይኗ ቢፈዝ እንኳ ጣቷ ያይላታል፤
ክኩ ከካሮት ጋር፣ ከቲማቲም ጋራ፣ ቅርጹን እየረሳ ሲቀልጥ ይታያል።
ከሙን ጣል አድርጋ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም በቅቤ አቁላልታ፣
ትቀዳልሃለች፤ ከጎኑ ግማሽ ሎሚ፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ትንሽም ቁጣ።

የመጀመሪያው ማንኪያ ምላስ አቃጥሎ፣
ሁለተኛው ደግሞ አንጀት አባብሎ፣
ሦስተኛው ላይ ሰው ኮቱን ያወልቃል፣
አጠገቡ ያለውን ስሙን ይጠይቃል።

ታሪኩን ጠየቅኋት። «ድስት ምን ታሪክ አለው? ሆድ ነው ያለው» አለች።
አንድ ጡረተኛ ግን፣ የወደብ ክሬን ነጂ፣ ማንኪያውን አስቀምጦ፣
«ያ ሐውልት ወደ ሮም ከዚህ የሄደው» አለ፣ «ምስር ላይ ተቀምጦ።
ድንጋዩ እስከ ዛሬ እዚያ ማዶ ቆሟል፤ ሰው ሄዶ ያየዋል።
የተሸከመው ምስር ግን የት እንደ ገባ ማን ይጠይቀዋል?»
«ተበላ ነዋ!» አለች እንሺራህ፣ ከእንፋሎቱ መሃል፣ ሳትዞር።
እኔ ስለ ሌላ ሐውልት አሰብኩ፤ ዝም አልኩ፤ ሾርባው ይቀዘቅዝ ነበር።

ያን ጊዜ ሺሐታ፣ ጺሙ ጨው ለብሶ፣ መረቡ ባዶ፣ በሩን ገፍቶ ገባ፤
ጥግ ላይ ታናሹ አለ፣ ዘናቲ፤ በመሃላቸው የአባታቸው ጀልባ፣
ውርስ ሆና ቀርታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣
በእሷ የተነሣ ቃል ሳይለዋወጡ አኩርፈው የዋሉ።

የሁላችን ማንኪያ አፋችን ላይ ቀረ፤
የራበው ታላቅ፣ ታናሽ፣ ቀይ ወጥ፦ ይህ ነገር ከዚህ በፊት ነበረ።
ብኩርና ዛሬ ስንት ነው? ብለን ጠበቅን።

ዘናቲ ተነሣ፤ ሳህኑን ገፋለት፣
ሎሚውን በጣቱ ጨመቀለት።
«ጀልባዋን» አላለም። «ሳይቀዘቅዝ ብላ» ብቻ ነው ያለው፤
ሺሐታም ዳቦውን ለሁለት ገመሰው።

ታረቁ አልልም። ሳህኑ ተጠርጎ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
እንሺራህ ከች አለች ሂሳብ ልታጣራ፤
ሁለቱም እጃቸውን ኪስ ከትተው «የኔ ነው! የኔ ነው!» እያሉ፣
ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ፣ በቃል ተጣሉ።