የሙላት ሰዓት

እውነቱን ልናገር፤ ለጽድቅ አልሄድኩም፣
በጎ ሰው የሚል ስም ከቶ አልፈለግኩም።
ጥር ላይ ማሞቂያዬ ተበላሸና
ባለሙያው ቀጥሮኝ፣ ቀጥሮኝ ቀረና፣
ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ ዝናብ ያራሰው
አንድ ማስታወቂያ፣ ጥጉ የተቀደደው፦
«አረጋውያንን የሚጎበኝ ሰው ይፈለጋል፤
በሳምንት አንድ ሰዓት። ክፍሉ ይሞቃል።»
«ይሞቃል» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት፤
የስልኩን ቁጥርም መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ከሮስኮፍ እስከ ሞርሌ አውቶቡስ እነዳለሁ፤
ሰውን በመስታወት ብቻ አያለሁ።
ፊት ለፊት መቀመጥ አልለመድኩበትም፤
እጄ ማረፊያ አጣ፣ ወሬም አልመጣልኝም።

አናይግ ኬርዶንኩፍ፣ በር ቁጥር ዐሥራ አራት፣
የፊታችን ሚያዝያ ዘጠና ሁለት ዓመት፤
ስድሳ ዓመት መረብ ስትጠግን የኖረች፣
ዛሬም በጣቶቿ አየር ትቋጥራለች።
«ግዌኖሌ እባላለሁ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።
«ተወኝ ልጄ» አለች፣ «ስም መያዝ ትቻለሁ፤
የምትመጣው መቼ ነው?»
                «ማክሰኞ ማክሰኞ።»
«እንግዲያው ማክሰኞ ነህ፤ ተቀመጥ፣ ማክሰኞ።»
ቅዳሜ ቄስ ነበር፣ ካፖርቱን የማያወልቅ፤
ረቡዕ ተማሪ፣ ቀይ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ።

ልብ ወለድ ይዤ ነበር፣ የፍቅር፣ ወፍራም፤
እሷ ግን ሽፋኑን እንኳ አላየችም።
ከትራሷ ሥር ስባ አንዲት ደብተር አወጣች፣
ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ ጠርዟ የተላጠች፤
የባሕር ሙላቱን፣ የባሕር ጉድለቱን፣
በደቂቃ ከፍላ የምትቆጥር ዓመቱን።

«ማክሰኞ። ሙላት፦ ንጋት፣ ዐሥራ አንድ ተኩል።
ጉድለት፦ ረፋድ፣ አምስት ከአርባ…»
                «ቀስ በል!
ውኃ እንደ አውቶቡስህ አይቸኩልም» አለች።
ሙላት ባልኩ ቁጥር እግሯን ትሰበስባለች፣
ብርድ ልብሱ ሥር፣ እንዳይርስባት ጫማዋ፤
ጉድለት ስል ትዘረጋለች፣ ሲገለጥ አሸዋ።
መስኮቷ ባሕር አያይም። የሚያየው የመኪና ማቆሚያ፣
የሱፐርማርኬት ጀርባ፣ የቆሻሻ መጣያ፤
ባሕሩ ከዚያ ወዲያ።

ግድግዳው ላይ ፎቶ፣ ባርኔጣ ያጠለቀ፣
ከጀልባ ላይ ሆኖ አፉን ሞልቶ የሳቀ።
ባሏ ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት አንዴ፣
«ሰዓት የማያይ ሰው» አለች። «አንብብ እንጂ፣ ልጄ።»

መጋቢት ላይ ባለሙያው መጣ፤ ቤቴ ሞቀ።
መሄዴን አልተውኩም። ምክንያቱን እግሬ ዐወቀ።
ድልድዩን ስሻገር፣ መሪውን ጨብጬ፣
ጀልባዎች ጭቃ ላይ ተጋድመው ተመልክቼ፣
«አሁን ዘርግታለች» እላለሁ ለብቻዬ፤
«ማን?» አለኝ ተሳፋሪ፣ ተቀምጦ ከኋላዬ።

ሰኔ ላይ ጉንፋን ጣለኝ፤ አንድ ሳምንት ቀረሁ።
ስመለስ፣ በሩ ላይ፣ «ይቅርታ…» ስል ጀመርሁ።
«ምን አጠፋህ?» አለች። «ባለፈው ሳምንት
ማክሰኞ አልነበረም። ሰኞ ዐለቀና
ረቡዕ ገባ፤ ባሕሩም አልጎደለም፤
እንደሞላ ቆየ።»
                ብርድ ልብሱን አየሁ፤
እግሮቿ ገና እንደተሰበሰቡ ነበሩ።

ጥቅምት። የዐሥራ አራት በሩ ተከፍቶ፣
ፍራሹ ራቁቱን፣ አንሶላው ተነሥቶ።
«አልሞተችም!» አለች ነርሷ ሮዜን ፈጥና፣
«ወደ ሊዮን ወሰደቻት ልጇ መጣችና።»
ሊዮን ወንዝ አላት አሉ፣ ሁለት፤ ይፈስሳሉ፣
ሰዓት አያውቁም፤ ሄደው አይመለሱም አሉ።
ደብተሯ መስኮቱ ላይ፤ ረስታት ይሁን ትታት፣
ማን ይነግረኛል? አንሥቼ ገለጥኳት።
ቆምኩ። የሚያነብ አለ፤ የሚሰማ ጠፋ።

ያኔ ግድግዳው ተንኳኳ፣ ሁለቴ፣ በዱላ።
ታንጊ አብግራል ነው፣ የዐሥራ ሦስቱ ሽማግሌ፣
ጆሮው አይሰማም ብለው ሁሉም የሚጮኹበት፣
ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ያልመለሰላቸው።
«ማክሰኞ!» አለ ከወዲያ። «ዛሬስ ሙላቱ ስንት ሰዓት ነው?»

ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳብኩ።
ድምፄን ሳልጨምር አነበብኩ።