ስምና ሰም

ቱርኩ ላይ፣ በታኅሣሥ፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት፣
ፀሐይ እንደ ባለዕዳ ሹልክ አለች ከሰማያት።
አውራ ወንዝ ዳር ዳሩን በረዶ ለበሰ፣
መሃሉ ግን ጥቁር፣ እንደ ወትሮው ፈሰሰ።

ሄልካ በሦስተኛው ፎቅ፣ መብራቱን አጥፍታ፣
ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ጉሮሮ አስጠግታ፣
የሰባት ቀን አይጥ ታያለች፤ አንጎሉ ተቆርጦ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ በመስታወት ተቀምጦ፣
ግራና ቀኙን አንጎል የሚያገናኘው ድልድይ
በአረንጓዴ ነጥብ ተወሯል፣ እንደ ገበያ አደባባይ።

እነዚህ ናቸው እንግዲህ ጠባቂ የምንላቸው፣
ከአጥንት መቅኔ ሳይሆን፣ ከአስኳል ከረጢት ነው መምጫቸው፤
ቤቱ ገና ሳይሠራ፣ ግድግዳው ሳይማገር፣
ዘብ ሊቆሙ የገቡ በማያውቁት አገር።

ማይክሮግሊያ ይሏቸዋል። መምህሯ በዚያ ዘመን
"ወታደር ናቸው፤ ጀርም ይውጣሉ፣ ሬሳ ያነሣሉ፤ አሜን፤"
ብለው አልፈዋል። ውሸት አይደለም። ግን ጦር በሌለበት ሰዓት
ወታደር ምን ሠርቶ ይውላል? አልነበረም በፈተናው ወረቀት።

አሁን ታያለች።
ነርቩን በስብ እራፊ የሚጠቀልለው ሕዋስ
ገና ልጅ ነው፤ እጁ አልጠና፤ ይጣመምበታል ሲያለብስ።
ዘቡ ከጎኑ ይቆማል፤ የማደጊያ ጠብታ ያቀብለዋል፣
እንደ ታላቅ ወንድም ትከሻውን ነካ አርጎ፣ "በል ቀጥል" ይለዋል።
ሲያበላሽ ደግሞ ይበላዋል።
በቃ። ይበላዋል።
የተጣጠፈውን፣ የተደረበውን፣ ያለቦታው የዞረውን፤
አንዳንዴም ሠሪውን።

ዘብ የሌላቸው አይጦችም አሏት፤ እርዛት ነበር የጠበቀችው፣
ካፖርት በካፖርት ላይ ተደርቦ ነው ያገኘችው፤
ወፍሮ፣ ተሸብሽቦ፣ እዚህም እዚያም አብጦ፣
ከርሞም የሚረግፍ፣ እንደ እርጥብ ልስን ተላጦ።

ሄልካ ቅኔ አታውቅም። ብታውቅ እንዲህ ባለች፦
ሰም ያጣ ወርቅ መንገድ ላይ ይባክናል፤
ሰም የበዛበትም እውስጡ ይታፈናል፤
ሰሙን እየቀመሰ፣ "ይብቃ" የሚል አፍ ያስፈልጋል።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። እህቷ ናት፣ ሚልያ።
ከመንገዱ ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከጨቅላዎች ማቆያ።

ልጅቱ በሃያ ዘጠኝ ሳምንቷ ነው የወጣች፤
አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ፣ እንደ ስኳር የተመዘነች።
እስክትጠመቅ ድረስ ስም አይነገርም በዚያ አገር፤
"የሚልያ፣ ሴት" ይላል ካርዷ፤ ሌላ የለም የሚነበብ ነገር።
ስሟም ገና ነው፣
ሰሟም ገና ነው።

"ደሟ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ" አለ ሐኪሙ፣ ወረቀቱን እያጠፈ።
የሄልካ ሆድ ያውቀዋል ቀሪውን፤ አፏ ግን አልተነፈሰ፦
ዘብ ሲቆጣ ጦር ሜዳ ይወርዳል፣
ሥራ ያስተማረውን ልጅ ይረሳል፣
ነርቭም በብርድ፣ ራቁቱን ያድራል።

"አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? ንገሪኝ፣ ምን ትሆናለች?"
ሄልካ የጓንቷን ጣት ጎተተች።
"እኔ የማውቀው የአይጥ ነው" አለች።

እጇን ሦስቴ ታጥባ፣ በሳጥኑ ቀዳዳ አሾለከች፤
በትንሿ ጣቷ፣ ያችን ምስር የምታህል ተረከዝ ነካች፤
ጠበቀች።

(መጠበቅ ባንድ ቃል ሁለት ነው፤
ዘብ መቆም ነው፣ መቆየት ነው።)

መልእክቱ ተነሣ፤ በራቁት ሽቦ፣ በጭቃው፣ በእግሩ፣
ወደ ላይ፣ ወደ ራስ፣ ደግሞም ወደ ታች፣ ማንም ሳይሸኘው ከበሩ፤
ማሽኑ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ነርሷ ዞር አለች፤ ሚልያ መቁጠር ጀመረች በፊንኛ ቁጥሩ፤
አራት ላይ፣ አምስቱ ጣቶች፣
ዘግይተው፣ አንድ ባንድ፣
ተኮማተሩ።